ከሠርጉ በፊት ውል መፈረም መጠራጠር ነውን?

ለመጋባት ቀን የቆረጡ ሁለት ወጣቶች የሚያሳስባቸው ነገር ብዙ ነው። አዳራሹ፣ ልብሱ፣ ሚዜው፣ የጥሪው ወረቀት፣ የሚከራዩት ቤት፣ ይህ ሁሉ በየተራው ይነሣል፤ ሁሉም ይመከርበታል። አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ ከሁለቱ አንዱ በልቡ ይዞት ሲያወጣ ሲያወርድ ይከርምና ሳይናገረው ሠርጉ ያልፋል። ይኸውም የጋብቻ ውል ነው። «እስከ ዛሬ ያፈራሁት ሀብት ምን ይሆናል? ወደ ፊት የምናፈራውስ እንዴት ይሆናል? በወረቀት ብናሰፍረውስ?» ብሎ መጠየቅ በብዙዎች ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል።

የሚሰጠውም መልስ የታወቀ ነው። እናት የሰማች እንደ ሆነ «ገና ሳትጋቡ መፋታት አሰባችሁን?» ትላለች። ጓደኛ ቢሰማ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ተወው» ይላል። እጮኛይቱ ደግሞ ምናልባት ምንም አትናገር ይሆናል፤ ዝምታዋ ግን ከንግግር ይከብዳል። በሌላው ወገን፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» እያሉ ያለ ውል መጋባትን እንደ ሞኝነት የሚቈጥሩ፣ በተለይም አንድ ጊዜ ተፋትተው የችሎት ደጃፍ የረገጡ ሰዎች አሉ። ከሁለቱም ወገን ቁም ነገር አይጠፋም። ዳሩ ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ፍቅርና ስለ ጥርጣሬ እንጂ ስለ ውሉ ስላልሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንመለከተው ወደድን።

በመጀመሪያ፣ የጋብቻ ውል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ሰማንያ የሚባለው የአገራችን ጋብቻ ራሱ ውል ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በሰማንያ የሚጋቡት ልጆች ወላጆች ከሠርጉ በፊት በሽማግሌዎች ፊት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ወገን ለልጁ የሚሰጠውን ይናገራል። የወንዱ አባት «ሁለት በሬና አንዲት ላም» ያለ እንደ ሆነ፣ የሴቲቱ አባት በዚያው ልክ እንዲመልስ ይጠበቅበታል። ከዚያ ዋስ ይጠራል፤ ምስክር ይቈጠራል። በነገሥታቱ ዘመን መሐላው በንጉሥ ስም ነበር። እያንዳንዱ ከአባቱ ቤት ይዞት የገባው ተለይቶ ይታወቃል፤ አብረው ያፈሩት እኩል የሁለቱ ነው። ኑሮ አልሰምር ብሎ ፍች የመጣ እንደ ሆነ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚያስታውሱት በሠርጉ ዋዜማ የተነገረውን ነው። «ሰማንያቸውን ቀደዱ» ሲባል እስከ ዛሬ ድረስ ተፋቱ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚቀደድ ውል ባይኖር ኖሮ አነጋገሩ ከየት ይመጣ ነበር?

የእስልምና ተከታዮች ወገኖቻችንም ቢሆኑ ኒካሕ ሲያስሩ መህሩን ወስነው ነው። መህር የሙሽራይቱ መብት ነው፤ በምስክሮች ፊት ይነገራል፤ ስለ ተነገረም ፍቅር ቀነሰ ያለ ሰው አልሰማንም። በደሞዝ የሚደረገው የጥንቱ ጋብቻ እንኳ፣ ምንም እንኳ የሚመሰገን ባይሆን፣ ጊዜውና ክፍያው አስቀድሞ የተቈረጠ ነበር። እንግዲህ አያቶቻችን የበሬውን ቀንድ በአደባባይ ሲቈጥሩ ሳያፍሩ፣ እኛ የልጅ ልጆቻቸው የአንድ ክፍል ቤት ነገር በወረቀት ለመጻፍ የምናፍር መሆናችን የሚያስገርም ነው። ምናልባት ምክንያቱ ይህ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ የሚዋዋሉት አባቶች ስለ ነበሩ ሙሽሮቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስለ ገንዘብ መነጋገር አልነበረባቸውም። ዛሬ ሸክሙ በራሳቸው በተጋቢዎቹ ጫንቃ ላይ ወድቋል።

የጽሑፉ ሕግም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ የፈረንሳዩ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጋቢዎች ውል እንዲዋዋሉ ይፈቅድ ነበር። ዳሩ ግን ያ ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ የሚያይ ስለ ነበረ፣ ውል ብትዋዋልም የሴቲቱ አቅም የተወሰነ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍች ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች በየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ስለሚችሉ በክልል የሚኖር አንባቢ የክልሉን ሕግ መመልከት ይገባዋል። ከዚህ በታች የምንናገረው ስለ ፌዴራሉ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው «ውል አልፈርምም» ሲል ያለ ውል መጋባቱ ይመስለዋል። ይህ ግን አይደለም። የራሱን ውል ያልጻፈ ሰው ሕግ አውጪው የጻፈለትን ውል ተቀብሏል ማለት ነው። ያንን ውል ሳያነብ የሚያገባው ደግሞ እጅግ ብዙ ነው። እንግዲህ ጥያቄው «እንፈርም ወይስ አንፈርም?» ሳይሆን፣ «ሕጉ ያዘጋጀልን ውል ለእኛ ኑሮ ይስማማልን?» ነው።

ያ ያልተነበበ ውል ምን ይላል? ተጋቢዎቹ በጋብቻቸው ቀን የነበራቸው ንብረት የየግላቸው ሆኖ ይቀራል፤ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ በግል የሚያገኙት እንደዚሁ። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቃል። ያላወቀው የሚቀጥለውን ነው። ከሠርጉ በኋላ ባልና ሚስት በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ ሁሉ የጋራ ነው፤ ከግል ንብረታቸው የሚያገኙት ገቢም ቢሆን የጋራ ነው። በጋብቻው ዘመን የተገዛ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ ሀብት እንደ ሆነ ይገመታል። ከሁለቱ አንዱ የተበደረው ዕዳ በመጀመሪያ ከራሱ የግል ሀብት፣ ያ ባይበቃ ግን ከጋራው ሀብት ይከፈላል። ለቤተሰቡ ኑሮ ሲባል የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። በ20/80 የጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግቦ ሲቈጥብ ኖረና ዕጣ ወጣለት። ከዋጋው ከመቶ 20ውን ከፍሎ ለቀረው 80 የባንክ ዕዳ ገባ። ሁለት ዓመት ከከፈለ በኋላ አገባ። ቤቱ ከሠርጉ በፊት የተገኘ ስለ ሆነ የእሱ ነው ይላል፤ ሚስቱም በዚያን ጊዜ «ያንተ ነው» ትላለች። ነገር ግን የባንኩ ዕዳ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ በየወሩ የሚከፈለው ከደመወዙ ነው፤ ደመወዙም ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ የእሱ ብቻ አይደለም። እሷ በበኩሏ በራሷ ደመወዝ አስቤዛውን ትችላለች፤ ቤቱ በሲሚንቶ ብቻ የተረከቡት ስለ ነበረ ወለሉን ሴራሚክ አስነጥፋ ቁም ሣጥኑን አሠርታለች። ከ15 ዓመት በኋላ ቢጣሉ፣ እሱ «ቤቱ ከሠርጌ በፊት የደረሰኝ ነው» ይላል፤ እሷ «ዕዳውን የከፈልነው አብረን ነው» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዳኛው ግን የ15 ዓመት የባንክ ደረሰኝና የሴራሚክ ግዢ ወረቀት ሊጠይቅ ነው። ከእኛ መካከል ይህን የሚያስቀምጥ ማን ነው?

ይህን ክርክር ለማስቀረት ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። ቤቱ የእገሌ የግል ሀብት ነው፤ በጋብቻው ቀን የተከፈለው ይህን ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዕዳውም ሆነ ለእድሳቱ የሚወጣው ከጋራ ሀብት እንደ ወጣ ይቈጠራል፤ ፍች የሆነ እንደ ሆነ ባለቤቱ የዚህን ግማሽ ለትዳር ጓደኛው ይከፍላል፤ ወይም ደግሞ ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ የሁለታችን ነው። የትኛውንም ቢመርጡ የእነርሱ ፈንታ ነው። ፍቅር ባለበት ቀን ግማሽ ገጽ የሚፈጀው ነገር፣ ፍቅር በሌለበት ቀን ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ ችሎት ያየ ሰው ይመስክር።

ሌላም ነገር አለ፤ እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን ይህ ነው። በሕጉ መሠረት ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ ከ100 ብር በላይ ከጋራ ሀብት ስጦታ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በ500 ብር ደኅና ጫማ አይገዛም። እንግዲህ በአገራችን ከተቀጠረ በኋላ ለእናቱ በየወሩ የማይልክ፣ የወንድሙን የትምህርት ወጪ የማይችል፣ የእኅቱን ቤት ኪራይ የማያግዝ ወጣት ሠራተኛ ስንት ነው? ትዳርን ከሚያናጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ባል ለእናቱ የላከው ለሚስት ይበዛባታል፤ ሚስት ለወንድሟ የከፈለችው ለባል ይሰወራል። ስለዚህ «እያንዳንዳችን ለወላጆቻችን በየወሩ ከደመወዛችን ይህን ያህል እጅ ብንሰጥ ሌላው አይቃወምም» የሚል አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ቢገባ፣ እኛ ከቤቱ አንቀጽ የማያንስ ጥቅም አለው እንላለን። ውሉ ስለ ገንዘብ ብቻ እንዲሆንም ሕጉ አያስገድድም፤ ተጋቢዎቹ ስለ ግል ግንኙነታቸውም መስማማት ይችላሉ። የጀመረችውን ትምህርት ለመጨረስ የምትፈልግ ተማሪ ይህን ልብ ብትለው መልካም ነው።

እንግዲህ ሁሉም ይፈርም ማለታችን ነውን? አይደለም። ሁለቱም ከደመወዝ በቀር ሌላ የሌላቸው፣ ዕዳም ቤትም የሌለባቸው ወጣቶች ከሆኑ፣ ሕጉ ያዘጋጀው እኩል የመካፈል ሥርዓት ለእነርሱ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ውል ባይጽፉ የሚጐድልባቸው ነገር የለም። ውል የሚያስፈልገው ኑሯቸው ከዚህ የተለየ ለሆነ ነው። ከፊተኛ ትዳር ልጅ ያለው፣ ከወንድሞቹ ጋር ያልተከፋፈለ የውርስ ቤት ያለው፣ ከሸሪክ ጋር ድርጅት የከፈተ፣ ከባድ ዕዳ ያለበት፣ እንዲሁም ከላይ እንደ ጠቀስነው ወጣት በግማሽ የተከፈለ ቤት ያለው ሰው፣ ዝም ብሎ ቢያገባ ሌላውን ወደማያውቀው ክርክር ይዞት እንደሚገባ ማወቅ አለበት።

መፈረም የማይገባው ወረቀትም አለ። በተለይ ሴቶች እኅቶቻችን እንዲያስተውሉት የምንፈልገው አንድ አንቀጽ አለ፤ «በስሜ የገባ የእኔ፣ በስምሽ የገባ የአንቺ» የሚለው ነው። ሲነበብ እጅግ ፍትሐዊ ይመስላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ደመወዝ እያገኙ፣ እያንዳንዳቸው 12 ሺህ ብር በወር ይዘው ተጋቡ እንበል። በሁለተኛው ዓመት ልጅ ተወለደ። የሚጠብቅ ሰው ስለ ጠፋ ሚስት ሥራዋን ትታ አራት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ተመልሳ ስትቀጠር ደመወዟ ከእሱ ግማሽ ሆነ። እሷ የምታገኘው ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለሠራተኛ ደመወዝና ለልጅ ትምህርት ቤት ሲውል፣ እሱ ከሚያገኘው ቈጥቦ መኪና ገዛ፤ ቀጥሎም ቤት ሠራ። ሁሉም በስሙ ነው። የተበላ ገንዘብ ደግሞ በማንም ስም አይመዘገብም። በአሥረኛው ዓመት ቢፋቱ፣ ያ እኩል ይመስል የነበረው አንቀጽ ለእሱ ቤትና መኪና፣ ለእሷ ያረጀ ድስት ያወርሳታል። ውል ባይኖራቸው ኖሮ ግን ግማሹ የእሷ ነበር። ስለዚህ ሀብትን ለይቶ መያዝ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ልጅ በሚያሳድገው ወገን ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንዴት እንደሚካስ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ እንቢ የሚል እጮኛ ካለ ምን እንደ ፈለገ አስቀድሞ ታውቋል።

ከዚህም ጋራ ወረቀቱ የሚመጣበት ጊዜ ይታይ። የጥሪው ካርድ ከተበተነ፣ ጠጁ ከተጣለ፣ ዘመድ ከየአገሩ ከተጠራ በኋላ፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው «እዚህ ላይ ፈርሚ» ወይም «ፈርም» የሚባልበት ውል፣ የተጻፈው ምንም ያህል መልካም ቢሆን አመጣጡ መልካም አይደለም። በዚያ ሰዓት እንቢ ማለት ማለት ቤተሰብን ማዋረድ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። በግድ ወይም በማታለል የተፈረመ ውል እንዲፈርስ ለመክሰስ ሕግ መንገድ ቢሰጥም፣ ከዓመታት በኋላ ያንን ቀን ለዳኛ ማስረዳት ቀላል አይሆንም። ለራስ የሚሆን ጠበቃ መጠየቅና ወረቀቱን አንድ ሳምንት ቤት ወስዶ ማንበብ እንደ ስድብ ሊቈጠር አይገባም።

ጥቂት ሰዎች ደግሞ ውሉን ሁሉን የሚችል አድርገው ያዩታል። የሕጉን አስገዳጅ ድንጋጌ የሚቃረን ቃል ቢጻፍ ዋጋ የለውም። ባልና ሚስት የመከባበር፣ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታቸውን በውል ሊሽሩት አይችሉም። ገና ያልተወለደ ልጅ ከማን ጋር እንዲኖር ዛሬ መቊረጥም ከንቱ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ፍርድ ቤት የሚመለከተው የልጁን ጥቅም ነው።

የቀረው የአነሣሡ ነገር ነው። ብዙ ወጣቶች «እንዴት ብዬ ልጀምረው?» ይላሉ። ሽማግሌ መላክ እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ «ብንፋታስ» ብሎ መጀመርም የተቀመጠውን ሰው ከወንበሩ ያስነሣል። እኛ የሚሻል የሚመስለን እንዲህ ነው። ሁለቱም ለየብቻ አንድ አንድ ወረቀት ይያዙ። ያላቸውን፣ ያለባቸውን ዕዳና በእነርሱ እጅ የሚኖረውን ሰው ይጻፉ። ከዚያ ይለዋወጡት። በዚህ ጊዜ ከውሉ በፊት መታወቅ የነበረበት ነገር ይወጣል፤ አንዱ ለጓደኛው የባንክ ዋስ መሆኑን ረስቶት ኖሯል፤ አንዷ ከአባቷ የወረሰችው ቦታ ካርታው ገና በአጎቷ ስም ነው፤ አንዱ ሁለት ወንድሞቹን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ይህ ዝርዝር ከተነበበ በኋላ «እንግዲህ ውል አያስፈልገንም» ብለው ቢስማሙም ተጠቅመዋል፤ የሚያገቡትን ሰው ኑሮ ዐውቀውታልና።

እንፈርማለን ያሉ እንደ ሆነ ግን ሥርዓቱን ይጠብቁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለምን? ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከባል ወገን ሁለት፣ ከሚስት ወገን ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ይፈርሙበታል፤ ቅጂውም በፍርድ ቤት ወይም በክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ ይደረጋል። የሚፈረመው ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ነው። «አሁን ሠርጉ ይለፍ፣ በኋላ እንጽፈዋለን» የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፤ ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ስለ ምስክሮቹም አንድ ነገር እንጨምር። የተለመደው ሚዜዎቹን ማስፈረም ነው፤ ዳሩ ግን ምስክር የሚፈለገው ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ከአራቱ አንዱ እንኳ ቪዛ እየጠበቀ ያለ ሚዜ ባይሆን ይመረጣል።